አሮጌ ወረቀትና ካርቶን ወደ ፐልፕ፤ ውሃ ሳያባክኑ፣ ቱቦ ሳይደፍኑ

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ በየቤቱ ምን እንደሚከማች ያውቁታል። ያለቀ ደብተር፣ የፈተና ወረቀት፣ ከቢሮ የመጣ የፎቶኮፒ ክምር፣ ምድጃው ወይም ቴሌቪዥኑ የመጣበት ካርቶን። ከፊሉን ቆራሌው ይወስደዋል፤ ከፊሉ ከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል፤ የቀረው ከምግብ ትራፊ ጋር ተደባልቆ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይሄዳል። ይህን ወረቀት ፐልፕ፣ ማለትም የወረቀት ሊጥ፣ አድርገው እንደገና ሊጠቀሙበት የሚሞክሩ የትምህርት ቤት ክበባት፣ የሰፈር ወጣቶችና የጓሮ አትክልት የሚተክሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይተዉታል። ሊጡ ይሸታል፤ የወጣው ወረቀት ይፈረፈራል፤ የመታጠቢያው ቱቦ ይደፈናል።

በእኔም ደርሷል። የመጀመሪያው ባልዲዬ ክዳኑ ተገጥሞ አራት ቀን ቆይቶ ሲከፈት ግቢው ሁሉ ሸተተ። የደፋሁት ውሃ ደግሞ ቱቦውን ዘጋው፤ ቧንቧ ሠራተኛው ከውስጥ ጎትቶ ያወጣው ነገር እንደ ብርድ ልብስ የተጋገረ የወረቀት ክር ነበር። ከዚያ ወዲህ ባየሁት ሁሉ ጥፋቱ የሚመነጨው ከሁለት ነገር ነው፤ ወረቀቱ ሳይለይ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው ደግሞ አንዴ ሠርቶ ይደፋል። አንድ ኪሎ ወረቀት ለማዳን በርሜል ሙሉ ንጹሕ ውሃ የደፋ ሰው አካባቢውን ጠቀመ ለማለት ይከብደኛል፣ በተለይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር። ስለዚህ ከሚከተሉት ደረጃዎች መለየቱንና ውሃውን አደራ እላለሁ።

1. ምን እንደሚሠሩ ይወስኑ፣ ዕቃዎን ያዘጋጁ

ለመጻፊያ፣ ለፖስት ካርድ ወይም ለመጋበዣ ካርድ የሚሆን ወረቀት ከፈለጉ መነሻዎ የቢሮ ወረቀትና የደብተር ገጽ ነው። የችግኝ ማፍያ ከፈለጉ ቡናማ ካርቶንና የእንቁላል ማስቀመጫ ይበቃል፤ እንዲያውም ይበልጣል፣ ምክንያቱም የካርቶን ክር ረጅምና ጠንካራ ነው። ሁለቱን ከደባለቁ ወረቀትዎ ይቆሽሻል፣ ማፍያዎ ይለሰልሳል።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 20 ሊትር የሚይዙ ሁለት ባልዲዎች፣ ሰፊ ሳፋ፣ ክዳን ያለው በርሜል፣ ሙቀጫና ዘነዘና ወይም ብሌንደር፣ ጥቂት ሜትር አቡጀዲ፣ ስፖንጅና የእጅ ጓንት። ወረቀት ለመሥራት ደግሞ በመጠን እኩል የሆኑ ሁለት የእንጨት ፍሬሞች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ላይ ዝንብ ለመከላከል መስኮት ላይ የሚወጠረው ዓይነት የናይለን ወንፊት ይወጠራል፤ ሌላው ባዶውን ይቀራል። አናጢ ከቁርጥራጭ እንጨት ይሠራልዎታል። ወንፊቱ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠር፤ ከረገበ ወረቀቱ መሀሉ ወፍራም፣ ዳሩ ስስ ይሆናል። ለምግብ የሚያገለግል ሙቀጫ ወይም ብሌንደር ግን አይንኩ። የሕትመት ቀለምና ሙጫ ገብቶበት በርበሬ ሊወቀጥበት አይገባም።

ሁለት ነገር ከመጀመርዎ በፊት ላሳስብዎ። ካርቶኑ ጤነኛ ከሆነና ዕቃ ሊያዝበት ከቻለ አይቅደዱት፤ ካርቶን ሆኖ ሁለት ዓመት ማገልገሉ ከፐልፕ ይሻላል። ቢሮዎ በየወሩ የሚያወጣው ክምር ትልቅ ከሆነም ሁሉንም እቤት ለመፍጨት አይሞክሩ። ለይተው፣ አድርቀው፣ አስረው ለሰብሳቢዎች ይስጡ። ፋብሪካ በአንድ ጊዜ በቶን ስለሚፈጭ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚያወጣው ጉልበት ከእርስዎ ያነሰ ነው። በአዲስ አበባ ቆራሌው የሚሰበስበው ዕቃ ምናለሽ ተራ ደርሶ ገዢ ያገኛል፤ የእርጥብና የቆሸሸ ካርቶን ገዢ ግን አይገኝም።

ወቅቱንም ያስቡበት። ክረምት ላይ ፐልፕ አይደርቅም፣ ቶሎም ይሸታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ወረቀቱን ለይተው በደረቅ ቦታ፣ የጣራውን ዝናብ ደግሞ በበርሜል ያጠራቅሙ፤ ሥራውን ጥቅምት ላይ ይጀምሩ።

2. ይለዩ

የፐልፕ ጥራት የሚወሰነው በሚያስገቡት ብቻ ሳይሆን በሚያወጡትም ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ድካም ሁሉ መጥፎ ወረቀትን ጥሩ አያደርገውም። ሦስት ክምር ያድርጉ፦ ነጭ ወረቀት፣ ቡናማ ካርቶን፣ የማይገባ። የሚያጠራጥርዎትን በሦስት ፈተና ያሳልፉት።

የመጀመሪያው መቅደድ ነው። ጥጉን ቀደድ ያድርጉ። ወረቀቱ ተቀድዶ ከመሀሉ ስስ ፕላስቲክ ከተለጠጠ ያውጡት። የሚያብረቀርቅ የደብተር ሽፋንና የቡና መጠጫ የወረቀት ኩባያ በዚህ ይጋለጣሉ። የጁስ ካርቶን ፕላስቲክ ብቻ ሳይሆን አሉሚኒየምም ስላለበት ከነጭራሹ አይገባም።

ሁለተኛው የጥፍር ፈተና ነው። የሱፐርማርኬትና የባንክ ማሽን ደረሰኝ ላይ ጥፍርዎን ጫን አድርገው ይሳቡ። ጥቁር መስመር ከወጣ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው፤ ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ ቢስፌኖል የሚባል ኬሚካል የተቀባ ነው። ውሃ ውስጥ ከገባ ኬሚካሉ በባልዲው ሙሉ ይሰራጫል፣ ከዚያም ወደ ችግኝዎ አፈር ይደርሳል። እዚህ ላይ አንዲት ደረሰኝ እንኳ አትለፍ።

ሦስተኛው ጠብታ ነው። ጠብታ ውሃ አሳርፈው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ። ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ከቆመ ሰም የተነከረ ወይም ፕላስቲክ የተለበጠ ነው።

ቅባት የነካው ካርቶንም ይውጣ። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል፦ የወረቀት ክሮች ሴሉሎስ ናቸው፤ ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ያለ ሙጫ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ቅባት በመሀላቸው ከገባ አይያያዙም። ኬክ ወይም ፒዛ የመጣበትን ሣጥን ክዳኑን ቀድደው መውሰድ፣ ዘይት የጠጣውን መሠረቱን መተው ይችላሉ። ያገለገለ ሶፍትና የእጅ ማድረቂያ ወረቀትም አይግባ፤ ለንጽሕናም አይሆንም፣ የእጅ ማድረቂያው ደግሞ ውሃ እንዳይፈታው ተደርጎ የተሠራ ነው።

ጋዜጣ ይገባል፣ ለብቻው ግን አይሁን። ክሩ አጭር ነው፤ ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ንጥረ ነገርም ስላለበት ፀሐይ ሲያየው ቢጫ ይሆናል። የሚያብረቀርቅ መጽሔት በነጭ አፈር ወይም በኖራ ድንጋይ ዱቄት የተለበጠ ስለሆነ ከአሥር እጅ አንድ እጅ አይብለጥ፤ ከበዛ ወረቀትዎ ሲደርቅ ይፈረፈራል።

በመጨረሻም ስኮቹን፣ የስቴፕለሩን ሽቦ፣ አግራፉን፣ የፖስታውን የፕላስቲክ መስኮት ይንቀሉ። የመጽሐፍ ጀርባ ሙጫ በቢላ ተቆርጦ ይጣል፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደ ማስቲካ ስለሚጣበቅ ወንፊቱን ያበላሻል። የካርቶኑን ድርብርብ ያያዘው ሙጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስታርች ስለሆነ አያስጨንቅዎ፣ በውሃ ይለቃል።

3. በእጅ ይቅደዱ

የሁለት ጣት ስፋት ያህል እያደረጉ ይቅደዱ። መቀስና የቢሮ ወረቀት መቆራረጫ ማሽን ሥራውን ያፈጥናሉ፣ ነገር ግን ክሩን ይቆርጡታል፤ እጅ ሲቀድ ክሩ ከሞላ ጎደል ርዝመቱን እንደያዘ ይፈታል። የወረቀት ክር በየዙሩ እያጠረ ስለሚሄድ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለው ከ5 እስከ 7 ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። የእርስዎ እጅ ካላሳጠረው ለሌላ ዙር ይተርፋል።

ካርቶን በደረቁ አይታገሉት። አንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ካቆዩት ሁለቱ ጠፍጣፋ ገጾችና መሀል ያለው ሞገዳማው ገጽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይለያያሉ፤ የተረሳ ስኮችም አብሮ ይነሳል።

ሚዛን ከሌለዎት አይቸገሩ። የተለመደው የፎቶኮፒ ወረቀት፣ 80 ግራም የሚባለው፣ አንዱ ገጽ 5 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 20 ገጽ 100 ግራም ነው። ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ በዚህ ይሰላል።

4. ይዘፍዝፉ

ለእያንዳንዱ 100 ግራም ወረቀት 2 ወይም 3 ሊትር ውሃ ያድርጉ። የቢሮ ወረቀት ለአንድ ሌሊት፣ ካርቶን ለአንድ ቀንና ሌሊት ይቆይ። ለብ ያለ ውሃ ያፋጥነዋል፤ ከሰል አያቃጥሉበት፤ ጥቁር ጀሪካን ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጡ ይበቃል።

ስህተቱ ያለው ከዚህ በላይ በማቆየት ነው። በወረቀቱና በካርቶኑ ውስጥ ያለው ስታርች ለባክቴሪያ ምግብ ስለሆነ በሞቃት አገር በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መሽተት ይጀምራል። ዛሬ የዘፈዘፉትን ነገ ይሥሩበት። ጊዜ ከሌለዎት አይዘፍዝፉ።

5. ይውቀጡ ወይም ይፍጩ

ምርጫው ካለዎት ሙቀጫን እመክራለሁ። ዘነዘናው ክሩን አይቆርጠውም፤ ይቀጠቅጠዋል፣ ገጽታውን ያሻክረዋል፤ የሻከረ ክር ደግሞ ሲደርቅ አጥብቆ ይያያዛል። አንድ ጭብጥ እርጥብ ወረቀት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲወቀጥ ይበቃዋል። ኤሌክትሪክ ሲጠፋም ሥራው አይቆምም።

በብሌንደር ከሆነ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ጭብጥ ብቻ ያስገቡ፤ ማሰሮውን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙሉ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እያቆራረጡ ይፍጩ። የሞተር ሽታ ከሸተተዎት ውሃ አንሷል ማለት ነው። እንደ ጁስ እስኪልም መፍጨት የብዙ ሰው ጥፋት ነው፤ የላመው ፐልፕ ለእጅ ደስ ይላል፣ የሚወጣው ወረቀት ግን ሲታጠፍ ይሰበራል።

መድረሱን በብርጭቆ ይፈትኑ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፐልፕ በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ወደ ብርሃን ያንሡት። እንደ ደመና ተበትኖ ከታየ ደርሷል። ፊደል የሚነበብበት ቁራጭ ወይም ጓል ካዩ ይመልሱት። ምስጢር ያለበትን ሰነድ ለማስወገድም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም፤ ፊደሉ ከነክሩ ይበተናል።

6. ቀለሙን ይቀንሱ፣ በረኪና ግን አይንኩ

ለችግኝ ማፍያ ይህ ደረጃ አያስፈልግም፤ ይዝለሉት። ለመጻፊያ ወረቀት ግን ፐልፑን በባልዲ ውሃ በጥብጠው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩና በኃይል ይምቱት። ቀለሙ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ ጠቆር ያለውን አረፋ በጭልፋ ይግፈፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከደጋገሙት ልዩነቱን ያያሉ። ከዚያ በአቡጀዲ አጥልለው አንድ ጊዜ ብቻ ያለቅልቁ።

የሌዘር ማተሚያና የፎቶኮፒ ቀለም የቀለጠ የፕላስቲክ ዱቄት ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ይተዉት። ነጠብጣቡን ለማጥፋት በረኪና የሚጨምሩ አሉ፤ ክሎሪኑ ክሩን ያደክማል፣ ከወረቀቱ ንጥረ ነገር ጋር ተዋሕዶም በአፈርና በውሃ ውስጥ በቀላሉ የማይጠፉ ውሕዶች ይፈጥራል። ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ልጆች በሚሠሩበት ቦታ ጨርሶ አይግባ። ግራጫ ወረቀት ምንም አይጎድለውም።

7. ወረቀት ከሆነ

100 ግራም ወረቀት ያወጣውን ፐልፕ በሳፋ ውስጥ በ12 ሊትር ያህል ውሃ ይበጥብጡ። መልኩ በውሃ የቀጠነ ወተት መምሰል አለበት። ጀማሪ ሁሉ ያወፍረዋል፤ እንደ አጥሚት ከሆነ ወረቀት ሳይሆን ቂጣ ነው የሚወጣው።

ቀለም እንዳይሰርግበት ስታርች ያስፈልገዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ወይም የበቆሎ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡ፤ ከዚያ አብሲት እንደሚጣል በፈላ ውሃ ላይ እያማሰሉ እስኪወፍር ያብስሉት። ሲቀዘቅዝ ወደ ሳፋው ይጨምሩ። ጥሬውን ዱቄት ቢበትኑ ሥራ አይሠራም፣ ከውሃው ጋር ወርዶ ያልቃል።

ባዶውን ፍሬም ወንፊት ባለው ላይ ደርበው ሁለቱንም በእጅዎ አጥብቀው ይያዙ። ሳፋውን በደንብ ያማስሉ፤ ክሩ ቶሎ ስለሚዘቅጥ በየወረቀቱ ማማሰል አለብዎት። ፍሬሙን ቀጥ አድርገው ያስገቡ፣ ከውሃው ሥር ያጋድሙት፣ ከዚያ አግድም እንዳለ ያንሡት። ውሃው ሳያልቅ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ በቀስታ ወዝወዝ ያድርጉት፤ ክሮቹ የሚጠላለፉት በዚህች ቅጽበት ነው። መወዝወዙን ውሃው ከመጥፋቱ በፊት ያቁሙ፣ አለበለዚያ ይቀደዳል። ካልወደዱት ገልብጠው ወደ ሳፋው ይመልሱት፤ ምንም አይባክንም።

የላዩን ፍሬም አንሥተው ወንፊቱን በረጠበ አቡጀዲ ላይ ከአንድ ዳር ጀምረው እያንከባለሉ ይገልብጡ። ከጀርባ በስፖንጅ ውሃውን ያስመጥጡለት፣ ከዚያ ፍሬሙን ያንሡ። ሌላ አቡጀዲ ይደርቡ። በየሦስት ወይም አራት ወረቀቱ አንድ ኩባያ ፐልፕ ወደ ሳፋው ካልጨመሩ ወረቀቱ እየሳሳ ይሄዳል።

ክምሩን በሁለት ጣውላ መሀል አድርገው ከባድ ድንጋይ ይጫኑበት ወይም ይቁሙበት፤ የመኪና ክሪክ ካለዎት ደግሞ የተሻለ ነው። ይህን ደረጃ አይዝለሉ። ክሮቹ ተጠጋግተው ካልደረቁ አይያያዙም፤ ሳይጫን የደረቀ ወረቀት እንደ ጥጥ ይፍታታል። ከዚያ እያንዳንዱን ከነጨርቁ ንፋስ ባለበት ጥላ ይስቀሉት። የቀጥታ ፀሐይ ያጣምመዋል።

8. የችግኝ ማፍያ ከሆነ

የካርቶኑን ፐልፕ በአቡጀዲ አጥልለው እንደ ገንፎ እስኪጠጥር ይጭመቁት። ታቹ የተበሳ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ የረጠበ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ፐልፑን በጣትዎ ከእርሳስ ውፍረት ትንሽ ቀጠን አድርገው ዙሪያውን ይለጥፉ። ከዚያ ቀጭን ጠርሙስ አስገብተው ይጫኑት፤ ውሃው በታች ይወርዳል። ጨርቁን ይዘው ያውጡትና ሥሩን በጣት ይብሱ። እዚህ ፀሐይ ወዳጅዎ ናት፤ በበጋ በሁለት ሦስት ቀን ይደርቃል።

ማፍያው ችግኝ የሚፈላበትን ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት የሚተካው ለሁሉም ችግኝ አይደለም። ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ ለጥቅል ጎመን፣ ማለትም ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ለሚቆይ ችግኝ በጣም ጥሩ ነው። ለወራት መደብ ላይ ለሚከርም የዛፍ ችግኝ ግን ከመተከሉ በፊት ይፈርሳል።

ማፍያዎቹን አጠጋግተው ይደርድሩ፤ ተራርቀው ከቆሙ ግድግዳቸው እርጥበቱን ለነፋስ ይሰጣል። ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ በሽታ ነው ብለው አይደንግጡ። ካርቶኑን የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ናይትሮጅን ስለሚሻሙ ነው፤ አፈሩ ላይ የበሰለ ኮምፖስት መጨመር ይፈታዋል። ሲተክሉ ከነማፍያው ይቅበሩት፣ ከንፈሩ ግን ከአፈር በላይ እንዳይቀር። ብቅ ያለ ከንፈር እንደ ፋኖስ ክር ውሃውን ከሥር እየሳበ ለፀሐይ ይሰጣል።

9. ውሃውን ያዙሩ

ከሳፋው፣ ከመጭመቂያውና ከማጥለያው የወጣውን ውሃ ሁሉ በአቡጀዲ አጥልለው በርሜሉ ውስጥ ይመልሱ። ነገ የሚዘፈዝፉት በዚሁ ነው። አዲስ ውሃ የሚያስፈልገው ወረቀቱ የጠጣውንና የተነነውን ለመተካት ብቻ ነው። በርሜሉ በሥራ ቀናት በየቀኑ ከተንቀሳቀሰ ውሃው ለጥቂት ቀን ያገለግላል፤ ሳይነካ ከቆመ ይሸታል። ስለዚህ ሥራዎን በየሳምንቱ አንድ አንድ ቀን ከመበታተን በተከታታይ ሦስት አራት ቀን አድርገው ይጨርሱት።

የመጨረሻው ውሃ ለአንድ ሌሊት ይዝቀጥ። ከላይ ያለው ጠለል ለአጥር ተክልና ለዛፍ ሥር ይሆናል፤ ጥሬ ለሚበላ ሰላጣ ግን አያጠጡት። ከታች የቀረው አተላና ከጨርቁ የተፋቀው ፐልፕ ከቅጠልና ከፍግ ጋር ወደ ኮምፖስት ይግባ። በሳሙና የተገፈፈውን ጥቁር አረፋ ለብቻው አድርቀው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ያስወግዱት። አንድም ጠብታ ወደ መታጠቢያው ቱቦ አይሂድ፤ ዓይን የማያየው ክር ነው ሲጠራቀም የሚደፍነው።

10. የተረፈውን ፐልፕ ያድርቁ

ያልተጠቀሙበትን በጨርቅ አጥብቀው ጨምቀው የሎሚ ያህል ያድቦልቡት፣ ወንፊት ላይ ፀሐይ ያግኘው። ትልቅ ካደረጉት ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሻግታል፤ አንዱን ሰብረው መሀሉን ይንኩት። በደረቅ ጆንያ ከተቀመጠ ለወራት አይበላሽም። ነጩንና ቡናማውን በየጆንያው ለይተው ምን እንደሆነና የደረቀበትን ወር ይጻፉበት። አንድ ጊዜ የደረቀ ክር እንደ በፊቱ በቶሎ ውሃ አይጠጣም፤ መልሰው ሊሠሩበት ሲነሡ ለብ ባለ ውሃ ሌሊቱን አሳድረው በሙቀጫ ለአምስት ደቂቃ ይውቀጡት፣ ከዚያም የብርጭቆውን ፈተና ይድገሙ።